የእንግሊዝ ፈረሰኛ ጦር የፈረስ ዕቃ በደሴ ቤቶች፦ እንዴት ይለያል፣ ዘመኑስ በምን ይታወቃል?

ደሴ ውስጥ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ፣ አንድ አዛውንት ከቆጥ ላይ አሮጌ ኮርቻ አውርደው አሳይተውኝ ነበር። ከኋለኛው የብረት ቅስት ላይ፣ ቆዳው በተላጠበት በኩል፣ «1909» የሚል ቁጥር ተመቶበታል። «ይኸው፣ አባቴ ከንጉሥ ሚካኤል ጋር ሰገሌ የዘመቱበት ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ራሱ ይናገራል» አሉኝ። የሰገሌ ጦርነት የተደረገው ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ስለሆነ ነገሩ ለጆሮ ይጥማል። ነገር ግን ከቁጥሩ ጎን የዶሮ እግር የመሰለ ባለ ሦስት ጣት ምልክትና ሁለት የላቲን ፊደላት ነበሩ። «አባባ፣ ይህ እኮ የፈረንጅ ቁጥር ነው» ለማለት ከበደኝ፤ ቢሆንም አልኩ። የብረቱ ዕድሜ በእኛ አቆጣጠር ከ1901 ወይም ከ1902 ዓ.ም. ይጀምራል። ቁጥሩ ሰገሌን አይመሰክርም፤ ኮርቻው ሰገሌ አልደረሰም ብሎም አይክድም።

ከዚህ ገጠመኝ የሚወጣው ሥርዓት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ዕቃው በራሱ አካል ይመረመራል፤ አብሮት የመጣው ታሪክ ለብቻው ይመዘገባል እንጂ የዕቃው ዘመን መለኪያ አይሆንም። ሁለተኛ፣ የፈረስ ዕቃ አንድ ዕቃ አይደለም። ኮርቻው፣ ጠፍሩ፣ እርካቡ፣ ልጓሙና ግላሱ በተለያየ ጊዜ ተሠርተው፣ ተበጥሰው፣ ተተክተው የተገናኙ ናቸው፤ በአንዱ ላይ ያለ ቁጥር የዚያን ክፍል ዘመን ብቻ ይናገራል። ከዚህ በታች የእንግሊዝ ዕቃ የሚለይባቸውን ዘመናት የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የእኛ አቆጣጠር ሲሆን ዓ.ም. ብዬ እለያለሁ። እንግሊዞች የሚመቱት ቁጥር ሁልጊዜ የራሳቸው ዘመን ስለሆነ አንባቢ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት መቀነስ አለበት። ወሎ ውስጥ ያየሁት ስሕተት ሁሉ አብዛኛው የሚጀምረው ከዚህች ትንሽ ስሌት ነው።

እንዲህ ያለ ዕቃ እዚህ ለምን ይገኛል? የመጀመሪያው መንገድ የ1868ቱ ዘመቻ ነው። በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የተመራው ጦር ከቀይ ባሕር ዳርቻ ከዙላ ተነሥቶ መቅደላን የያዘው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሲሆን፣ አፄ ቴዎድሮስ የሞቱትም በዚያው ዕለት ነው። ከጦሩ ጋር ከእንግሊዝ በኩል ሦስተኛው ድራጉን ጋርድስ የሚባለው የፈረሰኛ ሬጅመንት፣ ከሕንድ በኩል ደግሞ የቤንጋል፣ የቦምቤይና የሲንድ ፈረሰኞች ነበሩ፤ የጭነት በቅሎውማ በሺህ የሚቆጠር ነበር። ሁለተኛው መንገድ ጣሊያን ከተሸነፈ በኋላ ያለው ነው። የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ደሴን የያዘው ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያም የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን የኢትዮጵያን ጦር ለማደራጀት ለዓመታት ቆይቷል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ሰባ ሦስት ዓመት አለ፤ አንድን ኮርቻ ከሁለቱ ወደ አንዱ ማስጠጋት ብቻውን ትልቅ ሥራ ነው። ባለቤቶች ግን ሁልጊዜ መቅደላን ይመርጣሉ፤ የማይመርጥ ማን አለ?

አስቀድሞ ዕቃው የእንግሊዝ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የአገራችን ኮርቻ አይጠፋንም፤ ፊትና ኋላው ቀጥ ብሎ ከፍ ያለ፣ እንጨቱ በጥሬ ቆዳ የተጠፈረ፣ እርካቡም አውራ ጣት ብቻ የሚያስገባ ትንሽ ቀለበት ነው። የእንግሊዝ እርካብ በቦት ጫማ ለተሸፈነ እግር የተሠራ ሰፊና ከባድ ብረት ነው። ያየሁት አንድ ኮርቻ ሙሉ በሙሉ የእንግሊዝ ሆኖ ሳለ የተንጠለጠለበት እርካብ የአገር ቤት ቀለበት ነበር፤ በባዶ እግሩ የሚጋልብ ሰው ለራሱ እንዲመች ለውጦታል ማለት ነው። ይህ ጉድለት አይደለም፤ የዕቃው ታሪክ አካል ስለሆነ እንዳለ ይመዝገብ።

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ከእንግሊዝ ይልቅ የሚበዛው የጣሊያን ዕቃ ነው፤ ጣሊያን ደሴ የገባው ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲሆን አምስት ዓመት ተቀምጧል። የጣሊያን ሠራዊት ንብረት «አር» እና «ኢ» በሚሉ የላቲን ፊደላት፣ አንዳንዴም በባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ይታወቃል። በሮማውያን ቁጥር የተጻፈ ዓመት ከተገኘ የፋሺስቶች አቆጣጠር ሊሆን ይችላል፤ እሱም ከጥቅምት 1922 መጨረሻ ስለሚነሣ 14ኛው ዓመት ከጥቅምት 1935 እስከ ጥቅምት 1936 ያለው ነው ማለት ነው። ይህን ያላወቀ ሰው 14 የሚለውን የሬጅመንት ቁጥር አድርጎ ሊያነበው ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ምልክት፣ ወደ ዶሮ እግሩ፣ እንምጣ። ሦስት መስመሮች ከአንድ ጫፍ የሚነሡበት ይህ የቀስት ራስ የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት ምልክት ነው፤ በብረትም፣ በቆዳም፣ በእንጨትም ላይ ይመታል። ብቻውን ዘመን አይነግርም፤ ከጎኑ ያሉት ፊደላት ግን ይነግራሉ። «ቢ» እና «ኦ» ከሆኑ የጦር መሣሪያ ቦርዱ ምልክት ነውና ቦርዱ ከተዘጋበት ከ1855 በፊት ወይም እስከዚያው ድረስ ነው። «ደብሊው» እና «ዲ» ከሆኑ ከ1855 በኋላ የመጣው የጦር መምሪያ ነው፤ ይህ በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች ጊዜ የተሠራበት ስለሆነ አብዛኛው የሚገኘው እሱ ነው። ከቀስቱ ጋር «አይ» ካለ ዕቃው የሕንድ መንግሥት ነበር፤ ቀስቱ በ«ዩ» ፊደል ውስጥ ከገባ የደቡብ አፍሪካ ኅብረት ነው፤ ኅብረቱ የተመሠረተው በ1910 ስለሆነ ከዚያ በፊት ሊሆን አይችልም። ሁለት ቀስቶች ጫፍ ለጫፍ ተፋጥጠው ከተገኙ ደግሞ ዕቃው ከሠራዊቱ ወጥቶ በሕጋዊ መንገድ ተሸጧል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ኮርቻ «ከጠላት የተማረከ ነው» የሚል ሰው ቢያጋጥም በትሕትና መጠራጠር ይገባል።

ምልክቱ የት ይፈለግ? በብረቱ ቅስት ፊትና ጀርባ፣ በጎን ጣውላው የታችኛው ገጽ፣ በጠፍሩ ጫፍ ከዘለበቱ አጠገብ፣ በእርካቡ እግር መርገጫ ሥርና በልጓሙ ጉንጭ ላይ። ክፍሉን አጨልሞ ባትሪን ከጎን በዝቅታ ማብራት ከየትኛውም አጉሊ መነጽር ይበልጣል፤ ከላይ ሲበራ የማይታይ ጽሑፍ ከጎን ሲበራ ጥላ ይጥላል። ማጽዳት ግን አይገባም። እኔ ራሴ በጀማሪነቴ አንድ እርካብ በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ፈትጌ፣ ቀስቱን ካየሁ በኋላ ፊደሎቹን አብሬ አጠፋኋቸው፤ ያ እርካብ እስከ ዛሬ ዘመን የለውም። ቆዳውም በጫማ ቀለም ወይም በቅቤ ሲታሽ ይጠቁራል፤ ማኅተሙም ይሞላል። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ማራገፍ ይበቃል።

ከቀስቱ ሌላ የሬጅመንትና የሠሪ ማኅተም አለ። በቆዳ ላይ ቁጥርና ፊደል ጎን ለጎን ከተገኙ፣ ለምሳሌ 17 ከ«ኤል» ጋር፣ አሥራ ሰባተኛው የላንሰር (የጦር ያዥ ፈረሰኛ) ሬጅመንት ማለት ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ዓመት በቃል መያዝ ይጠቅማል፦ 1922። በዚያ ዓመት ብዙዎቹ የእንግሊዝ ፈረሰኛ ሬጅመንቶች ሁለት ሁለት እየሆኑ ተዋሐዱ፤ አሥራ ሰባተኛው ከሃያ አንደኛው ጋር ሆነ፣ መቅደላ የመጣው ሦስተኛው ድራጉን ጋርድስም ካራቢኒየርስ ከሚባለው ከስድስተኛው ድራጉን ጋርድስ ጋር ተቀላቀለ። ስለዚህ አንድ ቁጥር ብቻ ያለው ማኅተም በአብዛኛው ከ1922 በፊት ነው፤ ሁለት ቁጥር በመስመር ተለይቶ ካለበት ግን ከዚያ በኋላ ነው።

የሠሪው ስም ከተነበበ የከተማው ስም ይከተላል። የእንግሊዝ የኮርቻ ሥራ ዋና ከተማ ዎልሶል ነው፤ በርሚንግሃምም ጎረቤቱ ነው። በርሚንግሃም ላይ በ1866 የተቋቋመው የብሩክስ ፋብሪካ ዛሬ የሚታወቀው በብስክሌት መቀመጫው ነው፤ ቢሆንም ለፈረስም ሠርቷልና ስሙን ኮርቻ ላይ ያየ ሰው የብስክሌት ዕቃ ነው ብሎ እንዳይጥለው። ከሕንድ በኩል ካውንፖር፣ ዛሬ ካንፑር የምትባለው ከተማ፣ የመንግሥት የፈረስ ዕቃና ኮርቻ ፋብሪካ ነበራት፤ ወደ እኛ አካባቢ የመጣ ዕቃ የእሷን ስም ቢይዝ አይገርምም።

ምልክት ጠፍቶ ሲገኝ የኮርቻው አፅም ይመረመራል። የእንግሊዝ ወታደር ኮርቻ አፅም ሁለት ቅስቶችና በፈረሱ ጀርባ ግራና ቀኝ የሚተኙ ሁለት ረዣዥም ጎን ጣውላዎች አሉት፤ ጣውላዎቹ ከመቀመጫው አልፈው ከፊትና ከኋላ ይወጣሉ፤ ብርድ ልብስ፣ ካፖርትና የጎን ከረጢት የሚታሰረው እዚያ ላይ ነው። ቅስቱ ከእንጨት ከሆነ የ1856ቱን ሞዴል እናስባለን፤ በመቅደላ ዘመን ሥራ ላይ የነበረው ይህ ዓይነት ነው። ከ1870ዎቹ ጀምሮ ቅስቱ ወደ ብረት ተለወጠ፤ በ1890 አካባቢ ደግሞ የአረብ ብረት ቅስት ያለው፣ ለሁሉም ፈረሰኛ አንድ የሆነው ሞዴል ወጣ። የ1902ቱ ሞዴል በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የበዛው ነው። የ1912ቱን ከእሱ የሚለየው አንድ ቀላል ፈተና ነው፤ አፅሙን በአንድ እጅ ይዞ ጎን ጣውላውን በሌላው መወዝወዝ። ጣውላው በቅስቱ ላይ በማጠፊያ ተንጠልጥሎ ዘወር ካለ የ1912 ነው፤ ለወፍራምም ለከሲታም ፈረስ ጀርባ እንዲስማማ ታስቦ የተሠራ ነውና። ደርቆ የተያያዘ ከሆነ የ1902 ወይም ከዚያ በፊት ያለው ነው። የዛገ ማጠፊያ ግን ያታልላል፤ ስለዚህ ከመወዝወዝ በፊት ማጠፊያ መኖሩን በዓይን ማየት ይቀድማል፤ በኃይል መጠምዘዝም አይገባም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ሞዴሉ የተፈቀደበት ዓመት ዕቃው የተሠራበት ዓመት አይደለም። 1902 የሚባለው ኮርቻ በ1915ም በ1940ም ሊሠራ ይችላል፤ የእንግሊዝ ንጉሥ የክብር ዘበኛ ፈረሰኞች እስከ ዛሬ በዚሁ ዘር ኮርቻ ይጋልባሉ። የሞዴሉ ዓመት «ከዚህ በፊት አይሆንም» የሚል ወለል ብቻ ነው።

መቅደላን በተመለከተ ደግሞ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። የሕንድ ፈረሰኞች ብዙዎቹ ሲላዳር በሚባል ሥርዓት የሚያገለግሉ ነበሩ፤ ይኸውም ወታደሩ ፈረሱንና ዕቃውን ራሱ ይዞ የሚመጣበት፣ መንግሥት ደመወዝ ብቻ የሚከፍልበት አሠራር ነው። የራስ ዕቃ ደግሞ የመንግሥት ቀስት አይመታበትም። ስለዚህ በ1868 የመጣ እውነተኛ የሕንድ ኮርቻ ምንም ምልክት ላይኖረው ይችላል፤ ምልክት የሌለው ሁሉ ግን የመቅደላ ነው ማለት አይደለም። ከሁለቱ ወደ አንዱ ለመድረስ የአሠራሩን ዓይነት፣ የቆዳውን አቆራረጥና የብረቱን አመታት ማየት የግድ ነው። የጭነት ኮርቻም እንዳይረሳ፤ የዘመቻው አብዛኛው እንስሳ በቅሎ ነበርና ቅስቱ ሰፊ፣ መንጠቆው የበዛ፣ መቀመጫ የሌለው አፅም ከተገኘ ፈረሰኛ ተቀምጦበት አያውቅም።

ልጓም ከኮርቻ ይልቅ ይናገራል እላለሁ፤ ብረቱ አይበሰብስምና። ከ1902 ጀምሮ የወታደሩ ልጓም አንድ ዓይነት ሆነ፤ በአፍ ውስጥ የሚገባው ብረት መኻሉ ትንሽ ከፍ ያለ፣ በአንድ ወገን ልስልስ፣ በሌላው ወገን ሻካራ ነው፤ እንደ ፈረሱ ጠባይ ተገልብጦ ይገባል። ጉንጮቹም እንደ ክርን ወደ ኋላ የታጠፉ ናቸው፤ ፈረሱ በከንፈሩ እንዳይዛቸው ታስቦ ነው። ዛቡ የሚታሰርበትም ከፍና ዝቅ ያለ ቀዳዳ አለው። ከዚያ በፊት በነበረው ልጓም ጉንጩ ላይ የሬጅመንቱ ዓርማ ያለበት ክብ የናስ ጌጥ ይለጠፍ ነበር። እነዚህ ጌጦች ትንንሽና የሚያምሩ ስለሆኑ በገበያ ብዙ ጊዜ ለብቻቸው ይገኛሉ፤ አስመስሎ የተሠራም አለባቸው። እውነተኛው ከኋላው የማሰሪያ እግሮቹ የተበሉ፣ የዓርማው ጠርዝ በብዙ መወልወል የለሰለሰ ነው፤ አስመሳዩ አሸዋ በአሸዋ የሆነ ገጽና ደብዛዛ ፊደል አለው።

ስለ እርካብ የምለው አጭር ነው። በውጪው ጎኑ ላይ ቀለበት ወይም ትንሽ ዋንጫ መሰል ማሰሪያ ካለ የጦር እንጨት ማስቀመጫ ስለሆነ ጋላቢው ጦር የሚይዝ ፈረሰኛ ነበር። ሌላው እርካብ ሁሉ ያለ ማኅተም ዘመን ለመናገር አይመችም።

ግላስና የሽጉጥ ከረጢት መሸፈኛ ከተገኘ ግን፣ ዕድለኛ ለሆነ ሰው፣ የንጉሡ ስም ራሱ ተጠልፎበታል። «ቪ አር» ንግሥት ቪክቶሪያ ናት፤ ከ1837 እስከ 1901። «ኢ አር» ከሰባት ቁጥር ጋር ኤድዋርድ ነው፤ እስከ 1910። «ጂ አር» ጆርጅ ነው፤ ጆርጆች ግን ብዙ ስለሆኑ ቁጥሩን ማንበብ ያስፈልጋል፤ አምስተኛው እስከ 1936፣ ስድስተኛው ከዚያው ዓመት መጨረሻ እስከ 1952 ነገሡ። ፊደሉ ተበልቶ ዘውዱ ብቻ ከቀረ፣ ከ1901 እስከ 1952 ያለው ዘውድ ቅስቶቹ እንደ ጉልላት ወደ ላይ የተነፉ ናቸው፤ ከ1953 እስከ 2022 ያለው መኻሉ ሰርጎድ ያለ ነው። የቪክቶሪያም ብዙ ጊዜ ሰርጎድ ያለ ስለሆነ በዘውድ ብቻ ቪክቶሪያንና ዳግማዊት ኤልሳቤጥን ማምታታት ቀላል ነው። የጦርነት ስም የተጠለፈበት ከሆነ ደግሞ ጨርቁ ከዚያ ጦርነት በኋላ መሠራቱ ግልጽ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ የጥገናን ዕድሜ መለየት ነው፤ ለእኔ በጣም የሚጥመኝም ይኸው ነው። ባለ መስቀል ራስ ብሎን የመጣው በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው። የማይዝግ ብረት በሼፊልድ የታወቀው በ1913 ስለሆነ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ የማይዝግ ልጓም የቪክቶሪያ ዘመን ሊሆን አይችልም። የክሮም ቅብ ከ1920ዎቹ አጋማሽ በፊት በገበያ አልነበረም። ከስፌቱ የተበጠሰች አንዲት ክር ጫፍ በክብሪት ስትነካ አመድ ከሆነች ተልባ ወይም ጥጥ ናት፤ ቀልጣ ጠጣር ዶቃ ከሆነች ናይለን ናትና ስፌቱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ነው። ይህን በተበጠሰ ክር ብቻ እንጂ ከዕቃው ላይ ቆርጦ መሞከር ነውር ነው። በጅማት ወይም በጥሬ ቆዳ ጠፍር የተሰፋ ጥገና ካለ እጁ የአገራችን ሰው እጅ ነው፤ ይህ ጥገና እንዳይፈታ፤ ዕቃው እዚህ እንደኖረና እንደተሠራበት ከማንኛውም ማኅተም የበለጠ ምስክር ነውና።

የአየሩ ጉዳይም በምርመራው ውስጥ ይገባል። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ጭጋግና እርጥበት የሚበዛባት ስለሆነች ቆዳው ይሻግታል፤ ኮምቦልቻ ዝቅ ብላ ሞቃት ስለሆነች ቆዳው ደርቆ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የቆዳ መሰነጣጠቅ የዕድሜ ምልክት አይደለም፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አሥር ዓመት የተቀመጠ ቆዳ መቶ ዓመት ከኖረው በላይ አርጅቶ ይታያል።

ዕቃው ዋጋ ያለው መስሎ ከታየ ከመሸጥ በፊት ለአካባቢው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማሳየት ይገባል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ በደላላ እጅ የሚሄድ ዕቃ ደግሞ መጀመሪያ የሚያጣው የመጣበትን ቤት ታሪክ ነው።

የእኒያን አዛውንት ኮርቻ በመጨረሻ የመዘገብኩት እንዲህ ነው። «አፅም፦ የአረብ ብረት ቅስት፣ ጎን ጣውላው የማይንቀሳቀስ፣ የ1902 ሞዴል፤ በኋለኛው ቅስት ላይ ቀስት፣ ደብሊው ዲ፣ 1909 እ.ኤ.አ.። የመቀመጫ ቆዳ፦ በኋላ የተለወጠ፣ በጅማት የተሰፋ፣ የአገር ሥራ። የሆድ ማሰሪያ ጠፍር፦ ዘለበቱ የጣሊያን፣ አር ኢ የሚል ማኅተም ያለው። እርካብ፦ የለም። የባለቤቱ ቃል፦ አባታቸው ሰገሌ ዘምተውበታል፤ የፈረሳቸው ስም ግን አይታወስም።» አዛውንቱ ጽሑፉን ካስነበብኳቸው በኋላ ጥቂት ዝም ብለው የጣሊያኑን ዘለበት በጣታቸው አሹትና «ይህንን እንኳ ያጠለቅኩት እኔ ነኝ፤ ከፒያሳ ነው የገዛሁት» አሉኝ። ያንንም ጨመርኩበት።